ደብተር ለምታስይዘን ለደሴዋ ሲስተር

ስሟን እንዳልጽፍ ቃል አስገብታኛለች። «ሥራዬን ነው የሠራሁት፣ ምን ያስለጥፍሃል» ነው ያለችኝ። እሺ ብያለሁ። ግን ደሴ ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) የምታስደርጉ ሰዎች «ደብተር የምታስይዘዋ ሲስተር የትኛዋ ናት» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ በአገጩ ይጠቁማችኋል።

አባቴን ስኳር ከያዘው 19 ዓመት ሆነው። ዲያሊሲስ ከጀመረ ደግሞ ዓመት ከሁለት ወር። ሰኞና ሐሙስ፣ አራት አራት ሰዓት። በሳምንት ሦስቴ ቢሆን ይሻል ነበር፣ ሁለቴውም የሚሆነው ዘመድ አዝማድ ተረዳድቶ ነው። መጀመሪያ የሄድን ቀን ሲስተሯ ማሽኑን እያስተካከለች «ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዝተህ ና» አለችኝ። ከዲያሊሲስ በፊትና በኋላ ያለው ኪሎ፣ ግፊቱ፣ ፖታሲየሙ፣ ሄሞግሎቢኑ፣ የተመረመረው ሁሉ ከነቀኑና ከነላቦራቶሪው ይጻፍ ተባለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተነጫነጭኩ። ካርድ ክፍል ታዲያ ምን ሊሠራ ነው?

መልሱን ያገኘሁት አንድ ቅዳሜ ማታ ነው። ኩታበር ሰርግ ውለን ገባን። አባዬ ማታ ላይ ደረቱን ከበደው፣ ጋደም ሲል ትንፋሽ አጠረው። ቅርባችን ወዳለ አንድ ክሊኒክ ወሰድነው። ደም ተቀዳ፣ ትሮፖኒን የሚባለው ምርመራ ከመደበኛው አራት እጥፍ ሆኖ መጣ። «ልቡ ተመቷል፣ አሁኑኑ አዲስ አበባ ውሰዱት» ተባልን። በሌሊት 400 ኪሎሜትር! ወንድሜ መኪና ፍለጋ ፒያሳ ወርዷል፣ እናቴ ማልቀስ ጀምራለች፣ እኔ አንድ ጫማ በእጄ ይዤ ሌላውን እየፈለግሁ ደወልኩላት። ከእንቅልፏ ነው የቀሰቀስኳት።

«አብሽር» አለች። «የደረት ሕመም አይናቅም፣ አሁኑኑ እኛ ድንገተኛ ክፍል አምጡት። ደብተሩን እንዳትረሳ።»

እሷም መጣች፣ ነጠላዋን እንደተከናነበች። ተረኛው ሐኪም ፊት ደብተሩን ገለጠችው። ከሁለት ወር በፊት፣ አባዬ ደህና በነበረበት ቀን፣ «የጤናው ቀን ቁጥር ይኑረን» ብላ ወትውታ ያስለካችው ትሮፖኒን አለ። ያኔም አራት እጥፍ ገደማ ነበር። የዚያን ሌሊት የገባኝ ይሄ ነው። ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጣ ፕሮቲን ነው፣ ግን የዲያሊሲስ ሰው ልብ ሁልጊዜ ጫና ስላለበት፣ ኩላሊቱም ስለማያጣራ፣ ብዙዎቹ ላይ ደህና ሆነው እንኳ ከፍ ብሎ ይኖራል። ስለዚህ ወሳኙ በሰዓታት ውስጥ መጨመሩ ወይም መቀነሱ ነው። ደግሞ ትሮፖኒን ቲ እና ትሮፖኒን አይ የሚባሉ አሉ፣ የአንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር ማወዳደር አይቻልም። ላቦራቶሪውንም ጻፍ ያለችኝ ለካ ለዚህ ኖሯል።

ሐኪሙ ከሦስት ሰዓት በኋላ ደግሞ አስለካ። ንቅንቅ አላለም። ኢሲጂውም (የልብን ኤሌክትሪክ የሚያነበው ምርመራ) ከድሮው ጋር አንድ ነው። ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን ከደረቅ ኪሎው (ትርፍ ውሃ ሳይኖርበት ከሚመዝነው) አራት ኪሎ በላይ! ውሃ ነው። ቃሪቦ። ሰርጉ ቤት ደጋግመው ሲቀዱለት አይቼ «ዛሬ እንኳ ይጠጣ» ብዬ ዝም ያልኩት እኔው ነኝ። ሌሊቱን ዲያሊሲስ ገባ፣ ጠዋት ቡና ጠየቀ። «ግማሽ ሲኒ» አለች ሲስተሯ፣ ሳቅ ሳትል።

ሌላም አለ። የሦስት ወር ስኳሩ 5.9 ሆኖ ሲመጣ ቤት ውስጥ ዱአ አድርገን ነበር። እሷ አልተደሰተችም። ምርመራው የሚለካው ቀይ የደም ሴል ላይ የተጣበቀውን ስኳር ነው፣ ዲያሊሲስ ላይ ደግሞ ቀይ የደም ሴል ዕድሜው ያጥራል፣ ለደም ማነስ የሚወጋው መርፌም አዲስ ሴል ያስመርታል፣ ስለዚህ ያ ቁጥር ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል አለች። ከጣት የሚለካውን አየን፣ ከ200 በላይ የሆነበት ቀን ብዙ ነው። መድኃኒቱ እንደገና ተስተካከለ።

አንጀቴን የሚያቃጥለኝ ግን የድሮው ነው። አባዬ ሽንቱ አረፋ ይሠራ ነበር፣ ከዓመታት በፊት። የሚከታተልበት ቦታ ስኳሩን ብቻ ለክተው ይሸኙታል። አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን ሽንት ውስጥ በግራም ክሬቲኒን (ኩላሊት የሚያስወግደው ቆሻሻ) 30 ሚሊግራም ሲደርስ ኩላሊት መጎዳት መጀመሩን ሊጠቁም ይችላል፣ ደም ውስጥ ያለው ክሬቲኒን ገና ደህና መስሎ ሳለ። ስኳር ያለባችሁ በዓመት አንዴ ይሄን ምርመራ በስሙ ጠይቁ። እኛ ስሙን የሰማነው ከእሷ ነው፣ ያውም ከረፈደ።

እጇንም ላመስግን። መርፌ ከመውጋቷ በፊት መዳፏን ፊስቱላው ላይ (ለዲያሊሲስ ተብሎ እጁ ላይ ደም ሥሮቹ የተገናኙበት ቦታ ነው) ታሳርፋለች፣ ዓይኗን ጨፍና። የተኛች ድመት ሆድ ስትነኩ የሚሰማው ዓይነት ንዝረት አለ፣ እሱን ነው የምታዳምጠው። በዚያ እጅ ሌላ ሰው ደም እንዳይቀዳ፣ ግፊትም እንዳይለካ የደብተሩ ሽፋን ላይ በቀይ ጽፋለታለች።

እሷ ጋ የምትሄዱ ብጥስጣሽ ወረቀት ይዛችሁ እንዳትሄዱ፣ ትቆጣለች። እኛ ባለፈው ሰኞ ሁለተኛውን ደብተር ጀመርን። አሁን የሚጽፈው አባዬ ራሱ ነው። ከትናንት ወዲያ ሐይቅ ሰርግ ነበረን፣ ማታ ገልጬ ሳይ ከኪሎው ሥር «ቃሪቦ፣ አንድ ሲኒ፣ እሱም አልሞላ» ብሏል።