ኮርኒስ፣ ሙቅ ውሃ ወይስ መስኮት? አዲስ አበባ ላለ ቤት ገንዘብዎን የት ቢያውሉት ይሻላል

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለማደስ ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከመስኮት ነው። አሉሚኒየም ያምራል፣ ከመንገድ ይታያል፣ እንግዳም ያደንቃል። የቤቱ ምቾትና የመብራት ወጪ ከሆነ የሚያሳስብዎ ግን ቅደም ተከተሉን ቢገለብጡት ይሻላል፦ መጀመሪያ ኮርኒስ፣ ቀጥሎ ሙቅ ውሃ፣ መስኮት መጨረሻ።

ምክንያቱ የከተማዋ አየር ነው። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለን ኅዳርና ታኅሣሥ ቀኑ 23 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ይውልና ሊነጋጋ ሲል ከ10 በታች ይወርዳል። እንዲህ ባለ ቦታ ማሞቂያ ከመግዛት ይልቅ ቀን የገባው ሙቀት ሌሊቱን እንዳያመልጥ ማድረግ ያዋጣል። የጭቃ ቤት ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ወፍራሙ ግድግዳ ቀን ቀዝቀዝ፣ ሌሊት ሞቅ ያደርጋል። ብሎኬትና ቆርቆሮ ግን ቀን ያግላሉ፣ ሌሊት ያንቀጠቅጣሉ።

ዋጋ እዚህ አልጻፍኩም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እየተወሰነ ስለሆነ ዛሬ የጻፍኩት ለሚቀጥለው ወር ላይሠራ ይችላል። በምትኩ ዕቃዎቹ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚበሉና ምን ያህል ሙቀት እንደሚያስቀሩ አስቀምጣለሁ፤ በራስዎ ታሪፍ ማባዛት ቀላል ነው።

ጣሪያና ኮርኒስ

ኅዳር ላይ ገና ሳይነጋ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ገብተው ቀና ቢሉ የቆርቆሮው የውስጥ ገጽ ላይ የውሃ ጠብታ ተደርድሮ ያገኛሉ። ዝናብ ያፈሰሰው አይደለም። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቅና ከአካባቢው አየር ራሱ የበለጠ ይቀዘቅዛል፤ የቤተሰቡ ትንፋሽና የወጡ እንፋሎት እዚያ ሲደርስ ወደ ውሃ ይለወጣል። ቺፕውድ ኮርኒስ ላይ ቡናማ ክብ እየሠራ የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ይኸው ላብ ነው። ባለቤቱ ግን «ጣሪያው ያፈሳል» ብሎ ሚስማሩን በማስቲሽ ሲያስደፍን ይከርማል።

ሻጮች «ወፍራም ቆርቆሮ ነው፣ ሙቀት አያሳልፍም» ይላሉ። ወፍራም ቆርቆሮ ዕድሜው ይረዝማል፣ በረዶም አይጎዳውም፤ ለሙቀትና ለቅዝቃዜ ግን ከስሱ አይለይም፣ ብረት ብረት ነው። ነጣ ያለ ቀለም የቀትሩን ግለት ይቀንሳል፣ ለሌሊቱ ብዙም አይረዳም።

ኮርኒሱን በተመለከተ የአቡጀዲው ጊዜ አልፏል፤ ዛሬ ምርጫው ቺፕውድ፣ ጂፕሰም ወይም ፒቪሲ ነው። በመልክና በዕድሜ ይለያያሉ፤ ፒቪሲ እርጥበት አይፈራም፣ ጂፕሰም ያምራል፣ ቺፕውድ ይረክሳል። ቅዝቃዜን በመከላከል ግን ሦስቱም ብቻቸውን ደካማ ናቸው። ለውጡን የሚያመጣው ከላያቸው የሚነጠፈው ነው። 5 ሴንቲ ሜትር ግላስ ውል (ከመስታወት ክር የተሠራ ለስላሳ ምንጣፍ) የሚይዘውን ሙቀት በቺፕውድ ለመያዝ ከ15 ጣውላ በላይ መደረብ ያስፈልጋል። ተራ ኮርኒስ ባለው ቤት ላይ ይህ ሲነጠፍ በጣሪያው በኩል የሚያመልጠው ሙቀት ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። በተጨማሪም ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቴሌቪዥን ለመስማት የሚደረገው ትግል ይቀንሳል፤ ለእኔ ይህ ብቻውን ግማሹን ዋጋ ይከፍላል።

የሚያብለጨልጨው ፎይል ከግላስ ውል በጣም ይቀላል፣ ለመግጠምም አያስቸግርም። የሚሠራው ግን በአንድ በኩል ባዶ አየር ሲኖረውና ገጹ ንጹሕ ሲሆን ነው። ከቆርቆሮው ጋር አጣብቀው ከኮርኒሱም ጋር ካገናኙት ገንዘብዎ ባከነ። ከቆርቆሮው ሥር ክፍተት ትተው ሲወጥሩት ላቡን ስለሚይዝ፣ አቅም ላለው ሰው የተሻለው ሁለቱን ማጣመር ነው፤ ላይ ፎይል፣ ኮርኒሱ ጀርባ ላይ ግላስ ውል።

ነጩን ፎም (እንደ ቴሌቪዥን ማሸጊያ ያለውን) ርካሽ ነው ብለው አይሞኙ። ሙቀትን በደንብ ይይዛል፣ ነገር ግን በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ ጭሱም መርዛማ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ እንደ ሸረሪት ድር በተጠላለፈበት ኮርኒስ ውስጥ አላስገባውም። ግላስ ውል አይነድም፣ ችግሩ ቆዳ ማሳከኩና አይጥ ጎጆ የሚሠራበት መሆኑ ነው፤ ሲነጠፍ ጓንትና ማስክ፣ ከመነጠፉ በፊት ደግሞ የአይጥ ቀዳዳ ሁሉ በወንፊት ሽቦ ይደፈን። ዳር ዳሩን ያለውን የአየር መተንፈሻ ግን አይድፈኑት፣ አለበለዚያ እርጥበቱ እዚያው ይቀራል።

ሳንድዊች ፓነል (በሁለት ቆርቆሮ መሀል ሙቀት የሚከላከል ነገር የታሸገበት ጣሪያ) ከሁሉም ይበልጣል፤ ጣሪያውን ጨርሶ ለሚቀይር ሰው። ደህና ቆርቆሮ አስወርዶ እሱን መግጠም አያዋጣም።

ሙቅ ውሃ

ሻወሩ ራስ ላይ ተገጥሞ ውሃውን በሚያልፍበት ቅጽበት የሚያሞቀው ሻወር ሂተር፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ቦይለር፣ ጣሪያ ላይ የሚቀመጠው ሶላር። ሦስቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው ይህን ይመስላሉ፦

| | ሻወር ሂተር | ቦይለር (50 ሊትር) | ሶላር (200 ሊትር) |
|---|---|---|---|
| የሚስበው ኃይል | 3.5–5.5 ኪሎዋት | 1.5 ኪሎዋት | ከፀሐይ፤ መጠባበቂያው 1.5–2 ኪሎዋት |
| መጠበቅ | የለም | 2 ሰዓት ገደማ | ፀሐይ በዋለበት ቀን የለም |
| ቮልቴጅ ሲወርድ | ለብ ይላል | ይዘገያል እንጂ ይሞቃል | አይነካውም |
| መብራት ሲጠፋ | አይሠራም | የሞቀው እስኪያልቅ | ይሠራል |
| የውሃ ፈረቃ | ከሮቶ ግፊት ከሌለ አይሠራም | ውሃ ካልገባ የሞቀውም አይወጣም | ቱቦው ሊሰበር ይችላል |

ሰው በብዛት የሚጠይቀው «ሂተር ነው ወይስ ቦይለር ቆጣሪ የሚያሯሩጠው?» ብሎ ነው። 40 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 40 ዲግሪ ለማሞቅ በየትኛውም ዕቃ ቢሆን 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ሂተሩ ቶሎ ቶሎ፣ ቦይለሩ ቀስ ብሎ ይስበዋል እንጂ ለአንድ ሻወር የሚበሉት ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ቦይለሩ ቀንና ሌሊት በርቶ ሲቀር ነው፤ ማንም ሳይታጠብበት በቀን 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ በግድግዳው ያባክናል። ከመታጠብዎ ሁለት ሰዓት በፊት አብርተው ከጨረሱ በኋላ ካጠፉት ይህ ኪሳራ በእጅጉ ይቀንሳል።

ሂተር ከመግዛትዎ በፊት ግን ማታ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሰፈሩ ሁሉ እራት በሚያበስልበት ሰዓት፣ የቤትዎን ቮልቴጅ ያስለኩ። 220 መሆን የሚገባው ወደ 180 ከወረደ ባለ 5 ኪሎዋቱ ሂተር የሚሰጥዎ 3.3 ብቻ ነው፤ ኃይሉ ከቮልቴጁ በላይ ነው የሚወድቀው። በደቂቃ 3 ሊትር ሞቅ ያለ ውሃ ያወርድ የነበረው ከ2 ሊትር ብዙም የሚበልጥ አያወርድም። ብዙ ሰው ዕቃው የተበላሸ መስሎት ሌላ ይገዛል፣ እሱም ያው ይሆናል። እንዲህ ባለ ሰፈር ቦይለር ያለ ክርክር ያሸንፋል።

ባለ 5.5 ኪሎዋት ሂተር 25 አምፒር ይስባል። ለሶኬት የተዘረጋው 2.5 ካሬ ሽቦ ለዚህ አይሆንም፤ ከማከፋፈያው ራሱን የቻለ፣ ከ4 ካሬ ያላነሰ መስመርና የራሱ ብሬከር ይዘርጉለት። ምጣድ ተጥዶ ሻወር ከተከፈተ ደግሞ ሁለቱ አብረው ወደ 40 አምፒር ስለሚስቡ ዋናው ብሬከር ቢወርድ አይደነቁ። ኧርዝ የሌለበት ቤት ውስጥ ሂተርም ቦይለርም አያስገጥሙ። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ሶላር ለማን? የራሱ ጣሪያና የማይደርቅ ሮቶ ላለው ሰው። አራት ሰው በየቀኑ የሚታጠብበት ቤት ለሻወር ብቻ በወር 120 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያወጣል። ታሪፉ በእርከን የተሠራ ስለሆነ፣ ብዙ በተጠቀሙ ቁጥር የአንዱ ዋጋ ይወደዳል፤ ከ2017 መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ተወስኗል። ስለዚህ ሶላር የሚቀንስልዎ በጣም ውዱን እርከን ነው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ ጳጉሜን ግን ሰማዩ ይጨልማል፣ ውሃው ለብ ብሎ ይቀራል፣ ያኔ የኤሌክትሪክ መጠባበቂያው ይሠራል። «ዓመቱን ሙሉ በፀሐይ» የሚል ሻጭ አይመኑ።

ብዙ ሻጮች የማይናገሩት የመስታወት ቱቦውን ጉዳይ ነው። ውሃ ለሦስት ቀን ጠፍቶ ሮቶው ባዶ ሆነ እንበል። ቱቦዎቹ ባዶአቸውን በፀሐይ ይግላሉ። ስድስት ሰዓት ላይ ውሃ መጣ፣ ሰው ደስ ብሎት ቫልቩን ከፈተ፣ ቀዝቃዛው ውሃ የጋለውን መስታወት ሲነካ ቱቦው ይሰነጠቃል፤ አንዳንዴም ከአንድ በላይ። መፍትሔው ማለዳ ፀሐይ ሳይወጣ ወይም ከመሸ በኋላ መሙላት ነው። ፈረቃው የማይታወቅ ሰፈር ከሆኑ ባለ ቱቦውን ትተው ዝርግ ፓነል ያለውን ይጠይቁ፤ ዋጋው ይወደዳል፣ እንዲህ ያለውን ድንጋጤ ግን ይቋቋማል። ባለ ቱቦ ከወሰዱ መለዋወጫ ቱቦ እዚያው ሱቁ ውስጥ መኖሩን በዓይንዎ ይዩ። የጉድጓድ ውሃ ለሚጠቀም ደግሞ ከውሃው የሚጋገረው ነጭ ድንጋይ የቦይለሩንም የሶላሩንም ማሞቂያ ስለሚሸፍነው በዓመት አንድ ጊዜ ማስጠረግ ግድ ነው።

መስኮትና በር

ነጠላ መስታወት በድርብ ሲቀየር በዚያ በኩል የሚወጣው ሙቀት በግማሽ ይቀንሳል። ጥሩ ነው፤ ግን 60 ካሬ ጣሪያ ያለው ቤት መስታወቱ ብዙ ቢሆን 8 ካሬ ነው። ለዚያ ሁሉ ገንዘብ ጥቅሙ ከግላስ ውሉ በብዙ እጥፍ ያንሳል። አውራ ጎዳና ዳር የሚኖር ሰው ለጩኸቱ ሲል ቢያስገጥም ሌላ ነገር ነው።

ያረጀ የብረት መስኮት የሚያስገባው ንፋስ ግን እውነተኛ ጠላት ነው። ጎማ፣ ሲሊከንና ለበሩ ሥር የሚለጠፍ ብሩሽ በጥቂት ገንዘብ አብዛኛውን ያስቀራሉ። ወፍራም መጋረጃ ማታ ይዝጉ፣ ጠዋት ፀሐይ በምትገባበት በኩል ገልጠው ይተዉት።

እዚህ ላይ ከሰል የሚያነድ ቤተሰብ ቆም ይበል። ቤቱ ሲታሸግ የቡናው ከሰል ጭስ መውጫ ያጣል። ሽታ የሌለው መርዝ ነው የሚገድለው፣ ቅዝቃዜ በመጣ ቁጥርም ከሰል አስገብተው ያደሩ ሰዎች ሳይነሱ ይቀራሉ። ክፍተት የደፈነ ሰው ከሰሉን ውጭ ወይም በረንዳ ላይ ያቀጣጥል፣ ሲፈላም መስኮት ይከፈት፣ መኝታ ቤት ደግሞ ፈጽሞ አይገባም።

ቀሪው ባጭሩ

60 ዋት የድሮ አምፖል በ9 ዋት ኤልኢዲ ይቀይሩ፤ ከዚህ የረከሰ ማሻሻያ የለም። ምጣድ 4 ኪሎዋት ገደማ ስለሚስብና ለመጋል ብቻ እስከ 1 ኪሎዋት ሰዓት ስለሚወስድ በሳምንት ሁለቴ ከመጋገር አንዴ አብዝቶ መጋገር ይሻላል።

ኮንዶሚኒየም ያሉ ሰዎች ሁኔታቸው ይለያል። ጣሪያው የጋራ ነው፤ ሶላር ለመስቀል የብሎኩን ነዋሪዎች ማስፈቀድ ያስፈልጋል። የኮርኒሱ ምክር የሚመለከተው የመጨረሻውን ፎቅ ብቻ ነው። መሀል ፎቅ ያለ ሰው ላይና ታች ጎረቤት ስለሚሸፍነው ቦይለርና የመስኮት ጎማ ይበቁታል።

ተከራይ ከሆኑ ኮርኒስ ውስጥ ገንዘብ አይቅበሩ። ቦይለር ይግዙ፤ ሲለቁ ነቅለው እንደሚወስዱትና ግድግዳውን እንደሚጠግኑ ግን ከመሰቀሉ በፊት ከአከራይዎ ጋር ውሉ ላይ ያስፍሩት።