ባይንድጀንን አንድ ዓመት ተጠቀምኩት፦ ሄደሩ ከዋሸ እሱም አብሮ ይዋሻል

በሲ ቋንቋ የተጻፉ ላይብረሪዎችን ራስት ከሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ለመጥራት ባይንድጀን የሚባለውን ቱል አንድ ዓመት ገደማ ስሰራበት ቆየሁ፣ ሰው ሁሉ ደግሞ "ሄደሩን ስጠውና ቀሪውን ለሱ ተወው" (ሄደር የላይብረሪው ፈንክሽኖችና ታይፖች የሚታወጁበት ፋይል ነው) እያለ ሲመክር ስለምሰማ እኔም የታዘብኩትን ልናገር ብዬ ነው። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቸዋለሁ። አምስተኛዋን የከለከልኩት ግን በቀልድ አይደለም፣ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነስቶኛል።

ስራው ምን መሰለህ፣ አንድ የሲ ፈንክሽን ከሌላ ቋንቋ ለመጥራት ያ ቋንቋ ስሙን፣ የሚቀበለውን ታይፕና የሚመልሰውን ታይፕ ማወቅ አለበት፣ ስትራክት (ብዙ ፊልዶችን አንድ ላይ የያዘ ታይፕ) ካለበት ደግሞ እያንዳንዱ ፊልድ ስንተኛው ባይት ላይ እንደሚጀምር ጭምር። ባይንድጀን ሊብክላንግን (የክላንግ ኮምፓይለርን ላይብረሪ) ይዞ ሄደሩን እንደ ኮምፓይለር ያነበውና ይሄን ሁሉ በራስት ጽፎ ይሰጥሃል። ሊብክላንግ ማሽኑ ላይ ከሌለ ወይ ካላገኘው ገና ከበሩ ላይ ይመልስሃል፣ እሱን መንገዱን አሳይተህ አንዴ ካስተካከልክ በኋላ ግን ሁለተኛ አያስቸግርም።

በእጅ ብጽፈውስ የሚል አለ፣ እኔም እንደዛ ነበርኩ። ችግሩ ሊንከሩ (ለየብቻ ኮምፓይል የሆኑትን ክፍሎች የሚያገጣጥመው ቱል) ስም እንጂ ታይፕ አያይም። ሲ ፕላስ ፕላስ ቢያንስ የፓራሜትሮቹን ታይፕ ስሙ ላይ ለጥፎ ስለሚልከው ሲሳሳት ሊንክ ላይ ይወድቃል፣ ሲ ግን ባዶ ስሙን ነው የሚልከው፣ ስለዚህ አንተ ኢንት ነው ብለህ ብታውጅና እዛኛው ወገን ፖይንተር ቢሆን ሁለቱም በሰላም ተጋብተው ፕሮግራሙ ይነሳል፣ ጸቡ የሚመጣው ከሰርጉ በኋላ ነው። አንድ ፋይል ውስጥ ቢሆን ኖሮ የሲ ኮምፓይለሩ ጂሲሲ "ታይፑ ይጋጫል" ብሎ በግልጽ ይጮህ ነበር፣ ሁለት ፋይል ወይ ሁለት ቋንቋ ሲሆን ግን የሚጮህ የለም። አብሮኝ የሚሰራ ልጅ በእጁ የጻፈው ዲክላሬሽን ላይ ርዝመቱን 32 ቢት ኢንቲጀር አርጎት ነበር፣ ሄደሩ ላይ ሳይዝ ቲ ነው፣ 64 ቢት ማሽን ላይ 8 ባይት ማለት ነው። ወራት ሰርቷል'ኮ! የሬጅስተሩ የላይኛው ግማሽ በአጋጣሚ ዜሮ ስለነበረ ብቻ። ሎንግ የምትባለዋም እንደዛው ናት፣ 64 ቢት ሊኑክስ ላይ 8 ባይት፣ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ 4። ቻር ደግሞ ኢንቴል ላይ ምልክት አለው፣ ኤአርኤም ሊኑክስ ላይ የለውም፣ በእጁ "አይ 8" ብሎ የጻፈ ሰው ኮዱ ኤአርኤም ላይ ኮምፓይል አልሆን ይለዋል (እሱ እንኳን እድለኛ ነው፣ ቢያንስ ተነግሮታል)።

ባይንድጀን እነዚህን በሙሉ በትክክል ይይዛቸዋል፣ አራቱ ኮከብ ከዚህ የመጣ ነው። ያ በእጅ የተጻፈው እና በባይንድጀን የወጣው አንድ ክሬት (የራስት ፓኬጅ) ውስጥ ሲገናኙ ደግሞ የራስት ኮምፓይለር ራሱ "አንድ ፈንክሽን በሁለት የተለያየ ታይፕ አውጀሃል" ብሎ ዋርኒንግ አወጣ፣ የልጁን ስህተት ያገኘነው በዛ ነው። ዋርኒንጓ ግን ከክሬት ወደ ክሬት አትሻገርም፣ ሆን ተብሎ ነው፣ ሁለት ክሬት አንዱን ፈንክሽን በተለያየ ግን ልክ በሆነ መንገድ ሊያውጁት ይችላሉ ተብሎ። ይገባኛል፣ ግን ብትሻገርልኝ እመርጥ ነበር።

አሁን ወደሚያናድደው። የመጀመሪያ ቀን የገጠመኝ ማት ነጥብ ኤች የሚባለው የሲ የሂሳብ ሄደር ነው። ግሊብሲ (ሊኑክስ ላይ የተለመደው የሲ ላይብረሪ) ውስጥ ኤፍፒ ናን፣ ኤፍፒ ዜሮ ምናምን የሚባሉት አምስት ስሞች ኢነም (ስም የተሰጣቸው ቁጥሮች ዝርዝር) ውስጥም አሉ፣ በዛው በዛው ማክሮ (ከኮምፓይል በፊት በሌላ ጽሑፍ የሚተካ ስም) ሆነውም በዲፋይን ተጽፈዋል። ለሲ ይሄ ችግር አይደለም ምክንያቱም ማክሮው ቀድሞ ይተካና ያልቃል፣ ባይንድጀን ግን ማክሮውንም ኢነሙንም ኮንስታንት አርጎ ሲያወጣቸው አንድ ስም ሁለት ጊዜ ይሆንና ራስት "ኢ0428" ብሎ አምስት ኤረር ይደረድርልሃል። አንተ ማት ነጥብ ኤችን በስሙ እንኳን አልጠራኸውም፣ የላይብረሪው ሄደር ነው ይዞት የገባው። መፍትሄው ወይ ኮልባክ (ባይንድጀን ራሱ እየጠራ የሚጠይቀው ፈንክሽን) ጽፈህ እነዚህን ማክሮዎች ዝለላቸው ማለት ነው፣ ወይ ደግሞ አላውሊስት ተጠቅመህ የላይብረሪውን ስም ይዘው የሚጀምሩትን ብቻ አውጣ ማለት። ሁለተኛውን አድርግ፣ የምሬን ነው፣ አላውሊስት የሌለው ባይንድጀን ግማሹን ሲስተም ሄደር ነው እየጎተተ የሚያመጣልህ፣ የማትጠቀምበት ሺህ መስመር ኮድ።

ኢነም ላይም አንድ ነገር ልብ በሉ። ኔጌቲቭ ቁጥር የሌለበት ኢነም ሊኑክስ ላይ ምልክት የለሽ ኢንት ሆኖ ይወጣል፣ ዊንዶውስ ላይ በማይክሮሶፍቱ ታርጌት ግን ምልክት ያለው ኢንት ይሆናል፣ ስለዚህ እኔ ሊኑክስ ላይ አውጥቼ ሪፖዚተሪ ውስጥ ያስገባሁት ፋይል ዊንዶውስ ለሚጠቀመው ሰው አይሆነውም። ቢልድ ላይ ሁሌ እንደ አዲስ ማውጣት ወይ ለየፕላትፎርሙ የየራሱን ፋይል ማስቀመጥ ነው። ኢነሙን የራስት ኢነም አርግልኝ የሚል ኦፕሽንም አለው፣ ያምራል፣ ግን የሲው ወገን ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ቁጥር አንድ ቀን ከመለሰ አለቀልህ፣ ያ ራስት ውስጥ ምን እንደሚሆን ማንም ዋስትና አይሰጥህም። እኔ ተራ ኮንስታንት ነው የምተወው።

አሁን ወደ አምስተኛዋ ኮከብ። ላይብረሪውን ስሙን አልጠራም፣ የሴቲንግ ስትራክት አለው፣ አንተ ቦታ ታዘጋጅለታለህ፣ ኢኒት የሚለውን ፈንክሽን ትጠራለህ፣ እሱ ይሞላዋል። ዲበግ ቢልድ ላይ ሁሉም ሰላም። ሪሊዝ ቢልድ ላይ ግን ከኢኒት ቀጥሎ ምንም የማይገናኘው ሌላ ቫሪያብል ዜሮ ይሆናል። መጀመሪያ ራሴን ጠረጠርኩ፣ ቀጥሎ ኦፕቲማይዘሩን ሰደብኩ (ሁላችንም የምናደርገው ነው)። ባይንድጀን የስትራክቱን ስፋትና የየፊልዱን ቦታ የሚያጣሩ ቴስቶች አብሮ ያወጣል፣ ሁሉም አልፈዋል፣ ስለዚህ ሌይአውቱ አይደለም ብዬ እዛ በር ላይ ዞር ብዬም አላየሁ። ሁለት ሌሊት ያባከንኩት ያኔ ነው።

በመጨረሻ የተገነባውን ላይብረሪ ከነዲበግ መረጃው የስትራክት አቀማመጥ በሚያሳየው ቱል በፓሆል ከፍቼ አየሁት። ፓሆል ስትራክቱ 56 ባይት ነው ይላል፣ የኔ ባይንዲንግ 48። ሄደሩን ከፍቼ በዓይኔ ሳነበው መሀል ላይ በኢፍዴፍ የታጠረች አንዲት ፖይንተር ተቀምጣለች፣ የትሬድ ድጋፍ ከተከፈተ ትገባለች ካልተከፈተ የለችም፣ መክፈቻዋ ደግሞ ሜክፋይሉ (የላይብረሪው መገንቢያ ፋይል) ውስጥ ለኮምፓይለሩ የሚሰጥ ፍላግ እንጂ የትም ሄደር ላይ የተጻፈ አይደለም። ላይብረሪው ከነፍላጉ ተገንብቷል፣ ባይንድጀን ሄደሩን ያነበበው ያለ ፍላጉ ነው። ኢኒት 56 ባይት ዜሮ አርጎ ሲያጸዳ እኔ የሰጠሁት ቦታ 48 ነው፣ የቀሩት 8 ባይቶች ጎረቤት ግቢ ገብተው አጸዱ።

እና እነዛ ቴስቶች? የቀበሮ ምስክሯ ጅራቷ ማለት ይሄ ነው። የሚያወዳድሩት ክላንግ ከሄደሩ የቆጠረውን ራስት ከቆጠረው ጋር ነው፣ ሁለቱም ከአንድ ሄደር በአንድ ፍላግ የመጡ ናቸው፣ ላይብረሪው ራሱ ዘንድ ሄዶ የጠየቀ የለም። ጥፋቱ የባይንድጀን ነው ለማለት ይከብዳል፣ የሲ ፕሮግራም ብጽፍም ፍላጉን ከረሳሁ ያው ይደርስብኝ ነበር። ኮከቧን የቀነስኩት ቴስት የሚለው ስም ስላሳሳተኝ ነው፣ ዶክመንቴሽኑ ላይ አንድ መስመር ማስጠንቀቂያ ቢኖር ሁለቱን ሌሊት እተኛበት ነበር። 32 ቢት ሲስተም ላይ የፋይል ኦፍሴት 64 ቢት ይሁን የሚለውን ማክሮ አንዱ ወገን ከፍቶ ሌላው ሲረሳም የሚመጣው ጣጣ ይሄው ነው፣ ኦፍ ቲ አንዱ ጋ 4 አንዱ ጋ 8 ባይት።

ጥገናው አንድ መስመር ነበር፣ ፍላጉን ክላንግ አርግ በሚለው የባይንድጀን ኦፕሽን ማቀበል። እኔ ግን ከዛ ወዲያ ልማዴን ቀየርኩ፣ ላይብረሪው ራሱ ፈጥሮ በፖይንተር የሚሰጠኝና ውስጡን የማልነካው ስትራክት ከሆነ ባይንድጀንን ኦፔክ (ውስጡ የማይታይ) አርገው እለዋለሁ፣ ፊልድ ካላየሁ በፊልድ አልሳሳትም። እኔ ቦታ የማዘጋጅለት ከሆነ ግን ኦፔክም አያድንም፣ ስፋቱን ያው ከሄደሩ ነው የሚወስደው፣ እዛ ላይ ፓሆልን ሳልጠይቅ አላልፍም።

ሁለት ላይብረሪ አንድ ስትራክት ሲጋሩ ሌላ ራስ ምታት አለ። ለሁለቱም ለየብቻ ባይንዲንግ ካወጣህ ራስት ሁለቱን ስትራክቶች የማይተዋወቁ ባዳዎች ያረጋቸዋል፣ ባይት በባይት አንድ ቢሆኑም። ስሙ አንድ የሆነ ታይፕ ጠብቄ ስሙ አንድ የሆነ ታይፕ አገኘሁ የሚል ኤረር ስታይ መጀመሪያ ትስቃለህ። ከአንዱ ላይ በብሎክሊስት አስወጥተህ የሌላውን በዩዝ ማምጣት ነው፣ ቀላል ነው፣ ግን ማንም ቀድሞ አይነግርህም። ይሄ የራስት ብቻ አይደለም፣ ጎ በሚባለው ቋንቋ በሲ መጥሪያው በሲጎም አንድ የሲ ታይፕ በሁለት ፓኬጅ ውስጥ ሁለት የተለያየ ታይፕ ነው፣ የሉዋ ቋንቋ ማስኬጃው ሉዋጂት ደግሞ በተቃራኒው ሁሉንም አንድ ሰፈር ያስገባና ሁለተኛው ሞጁል ያንኑ ስትራክት ሲያውጅ እንደገና ልትተረጉመው ነው ወይ ብሎ ይጣላል።

ፓይተን የምትጠቀሙ ሲታይፕስን (አብሮት የሚመጣውን የሲ መጥሪያ) ተጠንቀቁ፣ ምን እንደሚመልስ ካልነገራችሁት ኢንት ነው ብሎ ያስባል፣ 64 ቢት ላይ ፖይንተር የሚመልስ ፈንክሽን ከሆነ ግማሹ ተቆርጦ ይመጣል። ሌላውን የፓይተን የሲ መጥሪያ ሲኤፍኤፍአይን በኤፒአይ ሞድ ብትጠቀሙት ይሻላል፣ የጻፋችሁትን ዲክላሬሽን ከእውነተኛው ሄደር ጋር አብሮ ኮምፓይል ስለሚያረገው ካልተስማሙ እዛው ይነግራችኋል። የፍላጉን ጉዳይ ግን እሱም አያድናችሁም።

ለባይንድጀን አንድ የቀረኝ ቅሬታ ሄደር ውስጥ ስታቲክ ኢንላይን ሆነው የተጻፉ ፈንክሽኖችን በራሱ አያወጣም። የሚጠቀልልበት ኦፕሽን አለው፣ የሲ ፋይል ያወጣና እሱን ራስህ ኮምፓይል አርገህ ትጨምራለህ። እሱን ስትገነባም ያቺን ፍላግ እንዳትረሳት።