አባዬን መልሳ ላናገረችልን የንግግር ሕክምና ባለሙያ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም። ጽሑፉ ይረዝማል። ቤታችሁ ውስጥ ስትሮክ መትቶት ንግግሩ የተበላሸ ወይም የምታወሩትን የማይረዳ ሰው ካለ ግን እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ከሌለም ለሚያስፈልገው ሰው አጋሩት። እዚሁ አዲስ አበባ ቤት ለቤት እየሄደች የምታክም አንዲት የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ባለሙያ አለች፤ ብዙ ሰው «ስፒች ቴራፒስት» የሚላቸው ናቸው። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ አልጽፈውም። ስልኳን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ፣ ፈቅዳልኛለች። ዕድሜና ጤና ይስጣት፣ ልጆቿን አላህ ያሳድግላት።

አባዬ የድሬዳዋ ልጅ ነው። ድሬ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ አባዬም ዕድሜውን ሙሉ የሠራው እዚያው ምድር ባቡር ጥገና ክፍል ውስጥ ነው። ኦሮምኛ ከእናቱ፣ አማርኛ ከትምህርት ቤት፣ ሶማሊኛ ከሰፈር ልጆች፣ ፈረንሳይኛ ከሥራ ቦታ ተማረ። ድሬ ላይ ይሄ ብርቅ አይደለም፤ በአንዱ ቋንቋ የተጀመረ ወሬ በሌላው የሚያልቅበት አገር ነው። አባዬ ግን በአራቱም ይቀልድ ነበር። ቋንቋ መናገር ብዙ ሰው ይችላል፤ በሰው ቋንቋ ቀልዶ የቋንቋውን ባለቤት ማሳቅ የጥቂቶች ነው። እሱ ከነዚያ ጥቂቶች አንዱ ነበር።

ጡረታ ወጥቶ እናታችን ካለፈች በኋላ እኛ ጋ፣ አዲስ አበባ ጎተራ ሰፈር መጣ። ባለፈው ዓመት አንድ ማለዳ ከሱብሒ ሶላት ተነስቶ ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁ ደክሞ ነበር፣ እሱ ቶሎ ተመለሰ። ያልተመለሰው ንግግሩ ነው። ይናገራል እኮ! እንደ ድሮው በፍጥነት፣ በዚያው በድሬ ዜማው ያወራል፤ ቃላቱ ግን ቃል አይደሉም። መሀል መሀሉን «ፉርጎ» ይላል። ሻዩም ፉርጎ፣ ጫማውም ፉርጎ፣ እኔም ፉርጎ። ከዚህ የባሰው ደግሞ እኛ የምንለውን አለመረዳቱ ነው። «አባዬ፣ ምሳ ቀርቧል» ስንለው ፊት ፊታችንን ያየናል። ደግመን ስንነግረው ይናደዳል። አንዳንዴ ያለቅሳል።

ከዚያ በኋላ ያየነውን ማንም አይይ። የሄድንባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም፤ ዓላማዬ ማንንም ማሳጣት አይደለም። መናገር ያለብኝን ግን እናገራለሁ። አንዱ ጋ አባዬን ወንበር ላይ አስቀምጠው በአናቱ ላይ ከእኛ ጋር ብቻ አወሩ። «ጃጅቷል፣ ዕድሜ ነው፣ ልመዱት» ተባልን። እሱ እዚያው ተቀምጦ አንዴ የሐኪሙን፣ አንዴ የእኔን ፊት ያይ ነበር። ቃሉን ባይረዳም ስለ እሱ እንደሚወራና እንደተናቀ ገብቶታል። ሰው ሲንቁት በየትኛውም ቋንቋ ያውቃል።

ሌላ ቦታ ደግሞ «ጆሮው ነው» አሉን። ብዙ ገንዘብ ከፍለን የመስሚያ መሣሪያ ተገዛ። ያንን መሣሪያ ያደረገባቸውን ቀናት ማስታወስ አልወድም። የሳህን ኳኳታ፣ የበር ድምፅ፣ የልጆች ጩኸት ሁሉ ጎልቶ ይገባለታል፤ ቃል ግን አይገባለትም። ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ይቀመጥ ነበር። ለእጁ ብለን በወሰድነው ቦታ ደግሞ አንድ ወጣት «እጅህን አንሳ! አንሳ እኮ ነው የምልህ!» እያለ ይጮህበታል። እኛ ድሬዎች አንቱታ ብዙም አናበዛም፣ አባዬ አንተ መባሉ አያመውም። ጩኸቱ ግን አሳመመው። መዝገቡ ላይም «አይተባበሩም» ብለው ጻፉበት። ዕድሜ ልኩን ከሰው ጋር ተባብሮ የኖረ ሰው! ዘመድ ጎረቤቱም የየራሱን አለ። አብዷል ያለ አለ፣ ጂኒ ነው ያለ አለ። ይሄንን ስጽፍ እንኳ እጄ ይንቀጠቀጣል።

ይቺን ባለሙያ የጠቆመችን የወንድሜ ሚስት የሥራ ባልደረባ ናት፤ እሷንም አላህ ይስጥልኝ። መጣች። ገና ከመግባቷ ቴሌቪዥኑን እንድናጠፋ ጠየቀችን። ከዚያ ቤቱን የሞላነውን ሁሉ አስወጥታ እኔን ብቻ አስቀረች። ዝቅ ያለች ዱካ ስባ ፊቷን እንዲያይ አድርጋ ተቀመጠችና ከማንም በፊት ለእሱ ሰላምታ ሰጠች። አባዬ የተለመደውን አወራላት፣ ፉርጎ በፉርጎ አደረገው። አላቋረጠችውም፣ አላረመችውም፣ ወደ እኔ ዞራም «ምን ማለቱ ነው?» አላለችም። እስኪጨርስ ጠበቀችው። ያንን ያህል የታገሠው ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

እሱ ወደ መስኮቱ ዞር ባለበት የቤት ቁልፏን ከኋላው ቀስ ብላ ምንጣፉ ላይ ጣለች። ወዲያው ዞረ። «ይሰማል» አለችኝ። ያንን ሁሉ ብር የፈጀንበት ጥያቄ በአንድ ቁልፍ ተመለሰ። ከዚያ ነገሩን አስረዳችኝ። ግማሹ አልገባኝም፣ የገባኝን ልንገራችሁ። ሰው ሲናገር በቃልና በቃል መካከል ክፍተት ያለ ይመስለናል እንጂ ድምፁ የሚመጣው ተያይዞ ነው። ያንን እየቆራረጠ ይሄ «በር» ነው፣ ይሄ «በሬ» ነው ብሎ የሚለየው አእምሮ ነው። ይህን ሥራ በአብዛኛው ሰው የሚሠራው ከግራ ጆሮ በላይ ወደ ኋላ ያለው የአንጎል ክፍል ነው፤ አባዬን ስትሮኩ የመታው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ የእኛ ወሬ ለእሱ በማያውቀው ቋንቋ እንደሚተላለፍ ሬዲዮ ነው። ድምፁ ይመጣል፣ ቃሉ አይመጣም። የራሱንም ንግግር በደንብ ስለማይለይ የተሳሳተውን ማረም አይችልም። ሕመሙ አፌዥያ ይባላል፤ የእሱን ዓይነት ካርል ቬርኒከ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1874 ጽፎበታል። እስቲ አስቡት፣ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የታወቀ ነገር ነው። ስትሮክ ከሚመታቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉ አንዱ ዓይነት አፌዥያ ይገጥማቸዋል። እኛ ግን ጃጅቷል ተብለን ነው የተመለስነው።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ በዚያ ሁሉ ደጅ ጥናት ማንም ያልጠየቀን ነው። «እናታቸው በምን ቋንቋ ነበር የሚያናግሯቸው?» አለችኝ። በኦሮምኛ አልኳት። ብዙ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ሲታመም ቋንቋዎቹ እኩል ላይጎዱ፣ እኩልም ላይመለሱ እንደሚችሉ ነገረችኝ። አንዱ ሰው የእናቱ ቋንቋ ይቀድምለታል፣ ሌላው እስከታመመበት ቀን አብዝቶ ይናገር የነበረው ይቀድምለታል፤ ሞክሮ ማየት ነው እንጂ ለሁሉም የሚሠራ አንድ ሕግ የለም አለችኝ። ጠረጴዛው ላይ መነጽር፣ የውሃ ብርጭቆና መቁጠሪያ ደርድራ ፊቱን እያየች፣ ከንፈሯን እያሳየችው ቀስ ብላ በኦሮምኛ «ቢሻን»፣ ውሃ፣ አለችው።

ዝም አለ። እሷም ዝም አለች። እኔ ልደግምለት አፌን ስከፍት በእጇ ቆይ አለችኝ። አባዬ ከንፈሯን አየ፣ ጠረጴዛውን አየ፣ ከዚያ እጁን ዘርግቶ ብርጭቆውን ያዘ። ጠጣበት! ስትሮኩ ከመታው ወዲህ አንድ ቃል ጆሮው ገብቶ ቃል ሲሆን ያየሁት ያኔ ነው። እኔ እዚያው እንባዬን ለቀቅኩት። እሷ ግን አላጨበጨበችም፣ እንደ ሕፃን አላደረገችውም። ወደ እሱ ጎንበስ ብላ፣ ቃሏን እየለየች «ምን እንደሚፈልጉ ያውቃሉ። እንደሚያውቁ አውቃለሁ» አለችው። ይህን በአማርኛም በኦሮምኛም ነገረችው፣ እጇንም ደረቷ ላይ አድርጋ አሳየችው። ስንቱ እንደገባው አላህ ያውቃል። እጇን ይዞ ግን ለብዙ ጊዜ አልለቀቃትም። ዕቃዋን ሰብስባ ስትነሳም «ተመልሼ ልምጣ?» ብላ የጠየቀችው እሱን ነው። እኔን አልጠየቀችም። ጭንቅላቱን ነቀነቀላት።

ወገኖቼ፣ ስለዚህች ልጅ ብናገር ብናገር አይበቃኝም። ሥራዋን ታውቃለች፣ ሰውም ታውቃለች። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ባለሙያ ማግኘት በዚህ ዘመን ምን ያህል እንደሚከብድ በየሆስፒታሉ የተንከራተተ ሰው ያውቀዋል።

ለእኛም ትምህርት ሰጠችን፣ የተማርነው ዛሬም ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ፊት ለፊት ሆኖ ማናገር፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ማጥፋት፣ አንድ ሰው ብቻ እንዲናገር ማድረግ። አጭር ዓረፍተ ነገር መጠቀም፣ የሚወራበትን ነገር በእጅ መጠቆም ወይም ፎቶውን ማሳየት። ወሬ ስንቀይር እንደቀየርን ማሳወቅ። አለመጮህ፤ ጩኸት የከንፈሩንም የድምፁንም ቅርፅ ያበላሻል። ከሁሉ በላይ መጠበቅ። የከንፈሩ ነገር አልገባኝ ብሎ አንብቤ ነበር። ሃሪ ማክጉርክና ጆን ማክዶናልድ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳተሙት ነው። ጤነኛ ሰው ጆሮው አንድ ድምፅ እየሰማ ዓይኑ የሌላ ድምፅ ከንፈር ካየ የሰማው ነገር ይለወጥበታል ይላል። ሁላችንም ከምናስበው በላይ በዓይናችን እየሰማን ነው የምንኖረው ማለት ነው። አባዬም ከጀርባው ከምንጠራው ይልቅ ፊታችንን እያየ ብዙ እጥፍ እንደሚረዳን በዓይናችን አይተናል።

ያስገረመኝን ደግሞ ልጨምር። ሻይ ብሎ መጠየቅ ያቃተው ሰው ወንድሜ የቁርኣኑን መክፈቻ ሱረቱል ፋቲሓን ሲጀምርለት ተከትሎት እስከ «ኣሚን» ድረስ ይወጣዋል። በፈረንሳይኛ አን፣ ዱ፣ ትሯ ብሎ ቁጥር ይቆጥራል። በልጅነት በልብ የተያዘ፣ ተደጋግሞ የተባለ ነገር ብዙ ጊዜ እንደሚተርፍ እሷ ነገረችን። በዚህ ተነስታ ነው ሥራውን የጀመረችው። አብረው ይቆጥሩና ከቁጥሩ መሀል አንዱን ነጥላ ታስብለዋለች። ቀስ በቀስ ወደ ስሞች፣ ወደ ምግብ፣ ወደ ሰው ተሻገሩ። አማርኛው ከኦሮምኛው በኋላ መጣ። ከቤተሰቡ በደንብ የሚረዳው የስምንት ዓመቷን ልጄን ነው። ወንድሜ ቃል እያጋጨ ነው የሚያወራው፤ እሷ ለአያቷ ስታወራ ቃሉን አንድ በአንድ ታስቀምጥለታለች፣ ማንም ሳያስተምራት። ባለሙያዋ ይህን አይታ ልምምዱን ለልጅቷ ሰጠቻት። አሁን የምሽት ልምምዱ የአያትና የልጅ ልጅ ነው።

አባዬ ሙሉ በሙሉ ድኗል ብዬ አልዋሻችሁም። ሰው ሲበዛበት ይጠፋበታል፣ ስልክ ላይ ማውራት አይችልም፣ ሲደክመው ፉርጎው ይመለሳል። እሷም ከመጀመሪያው ቀን ሁሉም ይመለሳል ብላ አላታለለችንም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ለውጡ ይፈጥናል፣ ከዚያ በኋላም ግን ለዓመታት መሻሻል ይቻላል ነው ያለችን። ዛሬ ግን ሻይ ሲፈልግ ሻይ ይላል። የልጄን ስም ይጠራል። ከወንድሜ ጋር ጁምዓ ይሄዳል። ከድሬ የመጣ የድሮ የሥራ ጓደኛው ባለፈው ሳምንት ቤት መጥቶ አብረው ቁጭ አሉ። ምን እንዳወሩ አላውቅም፣ ኦሮምኛና ፈረንሳይኛ ተደበላልቋል፤ ሁለቱም ግን ሲስቁ ከወጥ ቤት ሰማሁ።

እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ ቃል የጠፋበትን ሰው አብዷል ብላችሁ ክፍል ውስጥ አትተዉት። የዚህ ሙያ ሰዎች በአገራችን በጣም ጥቂት ናቸው፤ ስላሉ ግን ፈልጓቸው። አንድ ሰው ድንገት ፊቱ በአንድ ጎን ከተጣመመ፣ ክንዱ ከዛለ ወይም ንግግሩ ከተምታታ ደግሞ ነገ አትበሉ፣ ያኔውኑ ሆስፒታል አድርሱት። ስትሮኩ የመጣው በደም መርጋት ሲሆን የሚሰጠው የሚያሟሟ መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ 4 ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት አለበት። ግፊት ያለባቸውንም ወላጆቻችሁን አስለኩ፣ መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ ተከታተሉ።

ክፍያዋ ከሌላ ቦታ ከከፈልነው ጋር አይወዳደርም፤ አቅም ለሌለውም ታስተናግዳለች፣ እኔ ምስክር ነኝ። የመጀመሪያውን ቀን ክፍያ ጨርሶ አልተቀበለችኝም። ሥራ ስለሚበዛባት ስልክ ካላነሳች መልእክት ተዉላት፣ ማታ ትመልሳለች። ስትደውሉላት የሲቲ ስካኑን ውጤትና የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር አጠገባችሁ አድርጉ። ታማሚው በልጅነቱ ቤት ውስጥ ምን ቋንቋ ይናገር እንደነበር፣ ምን ሥራ እንደሠራና ምን እንደሚወድም አስባችሁ ጠብቋት፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።