ኖትቡክ ኤልኤም ከነጋሪት ጋዜጣ ጋር ሲገናኝ

«የዓመት ፈቃድ ስንት ቀን ነው?» ብሎ ኢንተርኔት ላይ የሚጠይቅ ሠራተኛ 14፣ 16 ወይም 20 የሚል መልስ ሊደርሰው ይችላል። ሦስቱም ቁጥሮች ከእውነተኛ ሕግ የተቀዱ ናቸው። 14 የተሻረው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ነው። 16 እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። 20 ደግሞ ከመንግሥት ሠራተኞች ሕግ የመጣ ስለሆነ የግል ድርጅት ተቀጣሪን አይመለከትም። እንደ ፐርፕሌክሲቲ ያሉ ድረ ገጾችን አስሰው መልስ የሚያዘጋጁ መሣሪያዎች ከሦስቱ የትኛውን እንደሚያመጡ የሚወስነው ፍለጋው ያወጣላቸው ገጽ ነው። የጎግሉ ኖትቡክ ኤልኤም አሠራር ሌላ ነው፤ መልስ የሚሰጠው እናንተ ከጫናችሁለት ሰነድ ተነስቶ ነው። ስለዚህ ጥሩ አንባቢ መሆን አለመሆኑን በደንብ የሚያሳየው አንድ ከባድ ሰነድ ነው፤ ለአማርኛ አንባቢ ደግሞ ከነጋሪት ጋዜጣ የከበደ ፒዲኤፍ ማግኘት ያስቸግራል።

መሣሪያው እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 ፕሮጀክት ቴይልዊንድ በሚል ስም ተዋወቀ፤ ብዙም ሳይቆይ የአሁኑን ስም ያዘ፤ በጁን 2024 ደግሞ ከ200 በላይ ለሆኑ አገሮችና ግዛቶች ተከፈተ። የጎግል አካውንት ይበቃል። በነጻው አገልግሎት እስከ 100 ደብተር (ሰነዶቻችሁ የሚሰበሰቡበት ማኅደር) መክፈት ይቻላል፤ አንዱ ደብተር 50 ሰነድ ይይዛል፤ አንዱ ሰነድ እስከ 500,000 ቃል ወይም 200 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። በቀን 50 ጥያቄና 3 የድምፅ ማጠቃለያ ይፈቀዳል። ለአንድ ጠበቃ፣ ለአንድ የሰው ኃይል ክፍል ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚያዘጋጅ ተማሪ የሰነዱ ገደብ ከበቂ በላይ ነው። ቶሎ የሚያልቀው የጥያቄው ኮታ ነው፤ በተለይ አንዱን ጥያቄ በሦስት አባባል እየደጋገመ ለሚሞክር ሰው።

ገጹ ሦስት ክፍል አለው፤ በግራ ሰነዶቹ፣ መሐል መጠየቂያው፣ በቀኝ ደግሞ ስቱዲዮ የሚባለው የድምፅ፣ የቪዲዮና የሐሳብ ካርታ ማውጫ። አብዛኛው ሰው በቀጥታ መሐሉ ላይ ሄዶ መጠየቅ ይጀምራል። በአማርኛ ሰነድ ግን ሥራው የሚጀምረው በግራ በኩል ነው፤ እዚያ የተበላሸ ነገር መሐል ላይ አይቃናም።

ሰነድ ከጫናችሁ በኋላ ስሙን ስትነኩት መሣሪያው ከፋይሉ አውጥቶ የያዘውን ጽሑፍ ይከፍትላችኋል። ጥያቄ ከመጻፋችሁ በፊት ሁለት ሦስት ገጽ እዚያ ላይ አንብቡ። ፊደሉ አማርኛ ከሆነ ቀጥሉ። የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ዝብርቅርቅ ከሆነ ግን አቁሙ፤ ፋይሉ የተጻፈው ከዩኒኮድ (ኮምፒዩተሮች የዓለምን ፊደላት የሚያውቁበት የጋራ ኮድ) በፊት በነበሩት ፎንቶች ነው ማለት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ቅጽ 3.0 ነው። ከዚያ በፊት፣ በብዙ መሥሪያ ቤት ደግሞ ከዚያ በኋላም ለዓመታት፣ ፊደሎቻችን የሚቀመጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር። ዓይን «ሠራተኛ» ብሎ የሚያነበውን ኮምፒዩተሩ ትርጉም የሌለው የምልክት ድርድር አድርጎ ይይዘዋል። ፒዲኤፉ ላይ የሚታየው የፊደሉ ሥዕል ስለሆነ ሰው ችግሩን አያየውም። ሰነዱን ሳትጭኑ ለማወቅ አጭሩ መንገድ ይህ ነው፦ ከፒዲኤፉ አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ በስልካችሁ የመልእክት መጻፊያ ላይ ፔስት አድርጉ። አማርኛ ሆኖ ካልወጣ መሣሪያውም አማርኛ አያገኝበትም።

እዚህ ላይ ከባዱ አደጋ መሣሪያው ዝም አለማለቱ ነው። ከአማርኛው ዝብርቅርቅ ጎን የእንግሊዝኛው ዓምድ ንጹሕ ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ ያኔ መልሱ የሚሠራው ከእንግሊዝኛው ብቻ ተተርጉሞ ነው፤ ጠያቂው ግን አማርኛው የተነበበ ይመስለዋል። ሕጉ ራሱ ይህን አይወድም። በፌደራል ነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት በአማርኛውና በእንግሊዝኛው መካከል ልዩነት ሲኖር የበላይነት ያለው አማርኛው ነው።

መፍትሔው አሰልቺ ቢሆንም ይሠራል። ገጹን ወደ ምስል ቀይሩት፤ ስክሪንሾትም ይሆናል። ፒዲኤፉን እንዳለ ወደ ጎግል ዶክስ መወርወር ብዙ ጊዜ አይጠቅምም፤ ፋይሉ ውስጥ ያለው የተበላሸ ጽሑፍ አብሮ ሊመጣ ይችላልና። ምስሉን ጎግል ድራይቭ ላይ ጫኑ፤ በጎግል ዶክስ እንዲከፈት እዘዙ፤ ከምስሉ በታች ጽሑፉ ተለቅሞ ይመጣል። ምስሉ ቀጥ ብሎ የቆመ ይሁን፤ ጎግል የሚመክረው መጠን 2 ሜጋባይት ወይም ከዚያ በታች ነው፤ የፊደሉ ቁመትም ቢያንስ 10 ፒክስል ሊሆን ይገባል። በስልክ በጥላ የተነሣ፣ ጥጉ የታጠፈ ገጽ ከማንም ጥሩ ውጤት አያስገኝም። ኮምፒዩተር የለመደ ሰው ቴሰራክት የተባለውን፣ ከምስል ጽሑፍ የሚለቅም ነጻ ፕሮግራም ከአማርኛ ፋይሉ ጋር ቢጭን ብዙ ገጾችን በአንድ ትእዛዝ ያስኬዳል።

ከመልቀሙ በፊት ግን መቁረጥ አለ። ነጋሪት ጋዜጣ ሁለት ዓምድ ነው፤ አማርኛ በግራ፣ እንግሊዝኛ በቀኝ። ሶፍትዌሩ ዓምዱን ሳያስተውል መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ካነበበ ግማሽ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ከግማሽ የእንግሊዝኛ ጋር ይሰፋል። ገጹን መሐል ለመሐል ቆርጣችሁ የአማርኛውን ዓምድ ለብቻው ልቀሙ፤ እንግሊዝኛውን ሌላ ፋይል አድርጉት። ሁለቱን በአንድ ደብተር ውስጥ እንደ ሁለት ሰነድ ማስገባቱ ይጠቅማል፤ በእያንዳንዱ ሰነድ ጎን ያለውን ምልክት በማጥፋት አንዱን ብቻ ማስነበብ ይቻላልና።

የተለቀመው ጽሑፍ እርማት ይፈልጋል። በ፣ ቡ እና ቢ በአንዲት ጭረት ነው የሚለያዩት፤ ቀለሙ በደበዘዘ ገጽ ላይ ያቺ ጭረት ትጠፋለች። ዐ ከዜሮ ጋር ይምታታል። ከሁሉ የሚያደናግረው የግዕዝ አኃዝ ነው፤ ከላይና ከታች ያለው መስመር ሲቆረጥ አኃዙ ሌላ ምልክት ሆኖ ይወጣል። አንድ ቃል ቢበላሽ ከዓረፍተ ነገሩ ይገመታል። «አንቀጽ ፸፯» ሲበላሽ ግን መሣሪያው የዓመት ፈቃዱን አንቀጽ በቁጥሩ ሊያገኘው አይችልም። የአንቀጽ ቁጥሮችን በእጅ ወደ 77 ዓይነት አኃዝ መቀየር ለአንድ አዋጅ ከባድ አይደለም፤ ድካሙም በኋላ ይከፈላል።

የቀን መቁጠሪያው ሌላ ወጥመድ ነው። በአማርኛ 1156/2011 የሚባለው አዋጅ በእንግሊዝኛው 1156/2019 ነው፤ 377/1996 ደግሞ 377/2003 ይባላል። አንድ ደብተር ውስጥ አራቱም ቁጥሮች ሲገናኙ ማሽኑ 2003ን ከ2011 በፊት፣ 2019ን ደግሞ ከሁሉ በኋላ አድርጎ ደርድሮ ሁለት ሕግን አራት ሊያደርጋቸው ይችላል። የሰነዱን ስም ስትሰጡ «አዋጅ 1156/2011 በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ በሥራ ላይ ያለ» እና «አዋጅ 377/1996 በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የተሻረ» ብላችሁ ጻፉት፤ ይህንኑ በጽሑፉ የመጀመሪያ መስመር ላይ ድገሙት። ከንጽጽር በቀር የተሻረውን አለማስገባት ይሻላል።

አሁን ጥያቄ። ደብተሩ መሥራቱን ለማወቅ መልሱን አስቀድማችሁ የምታውቁትን ጠይቁ፤ ጥያቄውንም በጥንቃቄ ምረጡ። «5 ዓመት የሠራ ሰው ስንት ቀን ፈቃድ አለው?» ጥሩ ይመስላል፤ ግን ምንም አይለይም። በአዲሱ አዋጅ ለመጀመሪያው ዓመት 16፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 2 ዓመት 1 ቀን ሲታከል 18 ይሆናል። በአሮጌውም 14 ሆኖ ለየዓመቱ 1 ሲታከል ያው 18 ነው። «3 ዓመት የሠራ» ብላችሁ ብትጠይቁ ግን በአዲሱ 17፣ በአሮጌው 16 ይመጣል። የሙከራ ጊዜም ጥሩ መፈተኛ ነው፤ በአዲሱ 60 የሥራ ቀን፣ በአሮጌው 45 ተከታታይ ቀን። የቀን ትርፍ ሰዓት ክፍያ ከ1.25 ወደ 1.5 እጥፍ አድጓል። እነዚህ ሦስቱ በትክክል ከመጡ ሰነዱ በደህና ገብቷል።

አጻጻፍም ይቆጠራል። ሠራተኛና ሰራተኛ፣ ፈቃድና ፍቃድ፣ ዓመትና አመት ለኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር የተለያዩ የፊደል ድርድሮች ናቸው። እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ትርጉምን ለማቀራረብ ቢሞክሩም በሰነዱ አጻጻፍ መጠየቅ መንገዱን ያሳጥራል። ከጥያቄው ጋር «አንቀጹን ቃል በቃል ጥቀስ፣ ከዚያ አብራራ» ብላችሁ ጨምሩ። ያለዚህ የሚመጣው አማርኛ የሚነበብ ቢሆንም የሕጉን ቃል በራሱ ቃል ይተካል፤ «የሥራ ቀን» የሚለው «ቀን» ብቻ ሆኖ ሲቀር ደግሞ ሠራተኛው የሳምንት ዕረፍቱን ይከስራል።

የመሣሪያው ምርጥ ነገር በየመልሱ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ቁጥሮች ናቸው። ቁጥሩን ስትነኩ በግራ በኩል የተወሰደበት ዓረፍተ ነገር ተሠምሮበት ይከፈታል። እንደ ፐርፕሌክሲቲ ያሉትም ቁጥር ያስቀምጣሉ፤ የእነሱ ቁጥር ግን የሚወስደው ወደ አንድ ሙሉ ድረ ገጽ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን እዚያ ውስጥ መፈለግ የአንባቢው ፈንታ ነው። ይህ ልዩነት ለእኛ ብዙ ነው። 40 ገጽ ውስጥ አንድ ንዑስ አንቀጽ ማረጋገጥ በነጋሪት ጋዜጣ ፒዲኤፍ ላይ፣ ያውም መፈለጊያው በማይሠራበት ፋይል፣ ግማሽ ቀን ይወስድ ነበር። ቁጥር የሌለው ዓረፍተ ነገር መልሱ ውስጥ ካያችሁ ከማሽኑ የተጨመረ ነው ብላችሁ ያዙት።

የድምፅ ማጠቃለያው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 ከ50 በላይ ቋንቋዎች ላይ ሲሰፋ አማርኛም ዝርዝሩ ውስጥ ገብቷል። ቋንቋው የሚቀየረው ከሴቲንግስ ውስጥ ነው። ለታክሲ መንገድ ደስ ይላል፤ ለሕግ ግን አይሆንም። ጽሕፈታችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፤ «ዋና» ሥራ ይሁን የውኃ ዋና፣ «ገና» በዓል ይሁን ያልደረሰ ነገር፣ «አለ» ተናገረ ይሁን ኖረ፣ ድምፁ የሚወስነው በግምት ነው። በማጠቃለያው ውስጥ የሚጨዋወቱት ሁለቱ ተናጋሪዎችም ለጨዋታ ሲሉ አንቀጹን ያቀላሉ። የሐሳብ ካርታው ይሻላል፤ የአዋጁን ክፍሎች እንደ ዛፍ ዘርግቶ ቅርንጫፉን ስትነኩ ጥያቄ አድርጎ ይከፍተዋል።

ሊንክ ስታስገቡ የሚወሰደው የገጹ ጽሑፍ ብቻ ነው። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ በፎቶ የተለጠፈበት ገጽ፣ እኛ ዘንድ ማስታወቂያ የሚወጣው ደግሞ በብዛት እንደዚያ ነው፣ በሊንክ ሲገባ ባዶ ነው። የዩቲዩብ ቪዲዮ የሚገባው ለሁሉም ክፍት ከሆነና የተጻፈ መግለጫ ካለው ነው፤ ከተጫነ ሦስት ቀን ያልሞላው ላይገባ ይችላል። መሣሪያው ራሱ እስከ 10 ምንጭ ፈልጎ የሚያቀርብበት አማራጭም አለ፤ ርእሳችሁ የኢትዮጵያ ሕግ ከሆነ አትቸኩሉበት፤ የመጣውን ሁሉ ከተቀበላችሁ መጀመሪያ የሸሻችሁት ችግር፣ 14፣ 16 እና 20 ተደባልቀው፣ ደብተራችሁ ውስጥ ይገባል።

የሞተ ሊንክ ሲገጥም የድረ ገጾችን የቀድሞ ቅጂ በሚያስቀምጠው ዌይባክ ማሽን ላይ አድራሻውን መለጠፍ ነው። የቀን መቁጠሪያው ላይ ሰማያዊ ክብ በደህና የተቀመጠ ገጽ፣ አረንጓዴ ወደ ሌላ አድራሻ የተመራ፣ ብርቱካናማ ያልተገኘ ገጽ፣ ቀይ የሰርቨር ችግር ነው። ከሰማያዊዎቹ ጀምሩ፤ ፒዲኤፉ አብሮ ከተቀመጠ አውርዳችሁ እንደ ፋይል ጫኑት።

ጎግል ዶክስ ላይ ያለ ሰነድ ስታስገቡ የሚገባው ቅጂው ነው። በኋላ ዋናውን ብታርሙ ደብተሩ ውስጥ ያለው አይታረምም፤ ሰነዱን ከፍታችሁ ከድራይቭ ጋር የሚያመሳስለውን ቁልፍ መንካት ያስፈልጋል። የግዕዝ አኃዙን አስተካክለው ሳለ «ዛሬም አንቀጽ 77ን አላገኘውም» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የረሱት ይህን ነው። የሠራተኞችን ስምና ደመወዝ የያዘ ፋይል ደግሞ አዋጁ ካለበት ደብተር ጋር አታደባልቁ። ጎግል ሰነዶቹን ማሽን ለማሠልጠን እንደማይጠቀምባቸው ይናገራል፤ ነገር ግን በግል አካውንት የመውደድ ወይም የመጥላት አውራ ጣቷን ነክታችሁ አስተያየት ከላካችሁ ጥያቄውን፣ ሰነዱንና መልሱን ሰው ሊያየው ይችላል።