የፐርል ኤክስኤምኤል ሞጁሎች፦ ለአማርኛ ዳታ የሚሆነው የቱ ነው?

በፐርል ኤክስኤምኤል (ዳታ በታግ ተከፋፍሎ የሚጻፍበት ቅርጸት) የሚያነብ ሞጁል ሲፓን በተባለው የፐርል ሞጁሎች ማከማቻ ላይ ሞልቷል። ብዙ ጊዜ የሚነሡት ግን አራት ናቸው፦ ሲምፕል፣ ፓርሰር፣ ትዊግ እና ሊብኤክስኤምኤል። አማርኛ ለያዘ ዳታ ሊብኤክስኤምኤልን ይያዙ። ፈጣን ነው፣ ኤክስፓዝም (ከሰነዱ የሚፈልጉትን ክፍል መፈለጊያ ቋንቋ) ያውቃል፤ ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው።

በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤክስኤምኤል 1.0 ደንብ ለታግ ስም የሚፈቀዱትን ፊደላት ከዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ የኮድ ሠንጠረዥ) 2.0 እየለቀመ ዘርዝሯል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው ደግሞ በ1999፣ በ3.0 እትም ነው፤ ዝርዝሩ ቀደመው። ስለዚህ በታጎች መካከል አማርኛ መጻፍ ችግር የለውም፤ ታጉን ራሱን «ስም» ወይም «ዋጋ» ብሎ መሰየም ግን ክልክል ሆኖ ቆየ። ክልከላውን ያነሣው የ2008ቱ አምስተኛ እትም ነው። ፓርሰር የሚሠራበት ኤክስፓት የተባለው የሲ ላይብረሪ ዛሬም የሚከተለው አራተኛውን እትም ስለሆነ የአማርኛ ታግ ሲያገኝ ፋይሉ በደንቡ አልተጻፈም ብሎ እዚያው ያቆማል። ትዊግም ፓርሰር ላይ የተሠራ ስለሆነ ዕጣው ያው ነው። ከሊብኤክስኤምኤል ጀርባ ያለው ላይብረሪ፣ ሊብኤክስኤምኤል2፣ ግን አምስተኛውን እትም ይከተላል፤ ምንም ሳይነካኩት ያነበዋል። (ፋይሉ ወደ ሌላ ሰው ሲስተም የሚሄድ ከሆነ ግን ታጉን በላቲን ፊደል ማድረግ ይሻላል፤ እዚያ ምን እንደሚያነበው አይታወቅም።)

ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ የተዘጋጀውን ጥቅል በአፕት መጫን ይበቃል፤ የሲ ኮድ ከማጠናቀር ይገላግላል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ሲጽፍ ነው። ሰነዱን ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው ሜተድ ቱስትሪንግ ይባላል፤ በሙሉው ሰነድ ላይ ሲጠራ የሚመልሰው በሰነዱ ኢንኮዲንግ (ፊደል ወደ ባይት በሚለወጥበት ስልት) የተዘጋጀ ባይት ነው። የሚጽፉበትን ፋይል በዩቲኤፍ-8 ሌየር (ሲጻፍ ፊደሉን ወደ ባይት የሚለውጥ የፐርል ቅንብር) ከከፈቱት ሁለተኛ ይለወጣል፦ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ሲሆን 6 ይሆናል፤ «ሰላም» ከ9 ወደ 18 ባይት ያድግና ስክሪኑ ላይ የማይነበብ የላቲን ዝብርቅርቅ ይወጣል። ፋይሉን በሮው (ባይቱን ሳይለውጥ በሚጽፈው ሌየር) ይክፈቱት፣ ወይም ሰነዱን በቀጥታ ፋይል ላይ የሚጽፈውን ቱፋይልን ይጠቀሙ። የአንድ ኖድ (የሰነዱ አንድ ክፍል፣ ለምሳሌ አንድ ታግ ከነይዘቱ) ቱስትሪንግ ግን ተቃራኒው ነው፤ የሚመልሰው ባይት ሳይሆን ፊደል ስለሆነ እዚያ ሌየሩ ያስፈልጋል። ይህ አለመመሳሰል የሞጁሉ ትልቁ ጉድለት ነው። አዲስ ሰነድ ሲፈጥሩም ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8 ብለው ያውጁ፤ ያለዚያ ፊደሉ በቁጥር ኮድ ተተክቶ ሊወጣ ይችላል።

ሁለተኛው ወጥመድ ኔምስፔስ (ታጎች የየትኛው ስብስብ እንደሆኑ የሚለይ መጠሪያ) ነው። እንደ አቶም ፊድ ያለ፣ ያለ ቅድመ ስም ኔምስፔስ የሚያውጅ ፋይል ላይ በኤክስፓዝ የሚፈልገው ፋይንድኖድስ ምንም ስህተት ሳያሳይ ባዶ ይመልሳል። ኤክስፓዝኮንቴክስት ይፍጠሩ፣ በሬጂስተርኤንኤስ የፈለጉትን ቅድመ ስም ይስጡት፣ ፍለጋውንም በዚያ ቅድመ ስም ይጻፉ። ከማይታወቅ ሰው የመጣ ፋይል ሲሆን ደግሞ ከፓርሰሩ አማራጮች ኤክስፓንድ-ኢንቲቲስን 0፣ ኖ-ኔትወርክን 1 ያድርጉ፤ አለበለዚያ ፋይሉ የሰርቨርዎን ሌሎች ፋይሎች ሊያስነብብ ይችላል።

ሊብኤክስኤምኤል ሙሉውን ፋይል ሜሞሪ ላይ ስለሚዘረጋ ብዙ ጊጋባይት ሲመጣ ይከብደዋል። እዚህ ላይ ትዊግ ይሻላል፦ ለሚፈልጉት ታግ ሃንድለር (ታጉ ሲገኝ የሚጠራ ፈንክሽን) ይሰጡታል፣ እያንዳንዱን ከጨረሱ በኋላ ፐርጅ ይጠራሉ። ፐርጅ ከተረሳ ሜሞሪው ያው ይሞላል። ፐርጅ የጨረሱትን ይጥላል፣ ፍላሽ ግን አትሞ ይጥላል፤ ሁለቱን አያምታቱ። ታጉ አማርኛ ከሆነ ትዊግ ስለማይሆን ፋይሉን ቁራጭ በቁራጭ የሚያነበውን የሊብኤክስኤምኤልን ሪደር ይጠቀሙ። አንድ የጽሑፍ ኖድ ከ10 ሚሊዮን ባይት ካለፈም ሂዩጅ የተባለው አማራጭ 1 ካልተደረገ ሊብኤክስኤምኤል አያነበውም።

ሲምፕልን ለአዲስ ኮድ አትጠቀሙ የሚለው የራሱ ሰነድ ነው፤ ልክም ነው። ሁለት ዕቃ ያለበት የግዢ ትዕዛዝ ሲያነብ አሬይ (ተራ ዝርዝር) ይመልሳል፣ አንድ ዕቃ ሲሆን ግን አሬዩ ይቀራል፤ በሁለት ዕቃ የተሞከረው ፕሮግራም በአንድ ዕቃ ይወድቃል። የታጎቹን ቅደም ተከተልም አይጠብቅም። የቆየ ኮድ ይዞ ለመቀጠል የተገደደ ሰው ቢያንስ ከሲምፕል አማራጮች ፎርስአሬይን 1፣ ኪአትርን ባዶ አሬይ ያድርግ።