የንግድ ፈቃድ እድሳት በኦንላይን፦ ጉቦ የት የት ላይ ይገባል?

የኦንላይን እድሳቱን ለትንንሽ ሱቆች እንመክራለን። ቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥሩ ይገባል፣ የግብር ክሊራንሱ፣ ማለትም የግብር ዕዳ እንደሌለ የሚያሳየው ማስረጃ፣ ይታያል፣ ክፍያው በቴሌብር ያልቃል። ፊት ለፊት የሚቀመጥ ሰው ስለሌለ «ለሻይ» የሚጠይቅም የለም። ሰው የሚወስንባቸው ደረጃዎች ግን እንዳሉ ናቸው።

ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ብዙ ባለሱቅ አካውንት የሚያስከፍተው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ሲመዘገብ የገባው ስልክ እዚያ የመዘገበለት ጉዳይ አስፈጻሚ ከሆነ የማረጋገጫ ኮዱ በየዓመቱ ለእሱ ይደርሳል፤ ባለሱቁም በገዛ ፈቃዱ ላይ ሲለምንና ሲከፍል ይኖራል። ስልኩ የራስ ይሁን። ስም በፋይዳና በቲን ላይ ፊደል በፊደል መግጠሙም አስቀድሞ ይታይ።

በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ቦታ የቀየሩ ሱቆች ከእድሳቱ በፊት አድራሻቸውን ያሻሽሉ፤ ለዚህ የጸደቀ የኪራይ ውል ይያዝ። በፈቃዱ ላይ ያለው አድራሻና ሱቁ ያለበት ቦታ ከተለያየ፣ ለቁጥጥር የመጣው ሠራተኛ ማሸግም ዝም ብሎ ማለፍም ይችላል። ዝምታው የሚሸጠው ያኔ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የግብር ግምት ነው፤ ክሊራንስ ያለ እሱ አይገኝምና። በ2009 ክረምት የቀን ገቢ ግምቱ ያስነሳው ቁጣ ይታወሳል። ደረሰኝና መዝገብ የሌለው ነጋዴ ግምቱን የሚሞግትበት ወረቀት ስለሌለው ከገማቹ ጋር ይደራደራል። የግዢ ደረሰኝ፣ የኪራይና የመብራት ክፍያ በወር በወሩ ቢታሰር ይህ ድርድር አያስፈልግም። በአዋጅ ቁጥር 983/2008 ቅሬታ የሚቀርበው የግብር ውሳኔው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ነው፤ ቃል ብቻ አይበቃም፣ በጽሑፍ ገብቶ መድረሱን የሚያሳይ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ይያዝ። ቅሬታው ውድቅ ከሆነ ችግር ነው፤ ወደ ግብር ይግባኝ ኮሚሽን ለመሄድ አዋጁ ከሚያከራክረው ግብር ግማሹን ማስያዝ ይጠይቃል። የሱቁ ገንዘብ እቃ ላይ ለታሰረበት ሰው ይህ ከባድ ነው፤ ብዙ ታማኝ ነጋዴ ጉቦ ከፋይ የሚሆነው ሕጋዊው መንገድ ከጉቦው ሲወደድበት ነው። ለትንንሽ ነጋዴዎች ይህ ማስያዣ ቢቀንስ ከብዙ የፀረ ሙስና ስብሰባ ይልቅ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

እድሳት ያለ ቅጣት የሚፈጸመው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ክሊራንሱ በጥቅምት ካለቀ፣ በታኅሣሥ መጨረሻ «ሲስተም የለም» ሲባል ደላላ ፍለጋ የሚያሯሩጥ ነገር አይኖርም።