ለፓርቲ ታማኝ መሆን ወይስ ለኅሊና?

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 2021 የፕሬዚዳንት ትራምፕ ደጋፊዎች የምርጫውን ውጤት ለመገልበጥ የአሜሪካን ኮንግረስ በወረሩ በሳምንቱ፣ የትራምፕ ፓርቲ የሆነው የሪፐብሊካን አሥር የምክር ቤት አባላት ትራምፕ እንዲከሰሱ ድምፅ ሰጡ። ከቀሩት አብዛኞቹ ከፓርቲያቸው ጋር ቆሙ።

ዋጋ፦ ለፓርቲ ያደረ ወንበሩን ይዞ ይቆያል። ኅሊናውን የሰማ ይከፍላል። ከአሥሩ አንዷ ሊዝ ቼኒ መጀመሪያ በፓርቲው ውስጥ የነበራትን የአመራር ቦታ አጣች፤ በ2022 ደግሞ በግዛቷ በዋዮሚንግ ቅድመ ምርጫ (የፓርቲው ዕጩ በሚመረጥበት ውድድር) ክፉኛ ተሸነፈች። ከአሥሩ አራቱ በቅድመ ምርጫ ወደቁ፣ አራቱ ዳግም አልተወዳደሩም። የተመለሱት ሁለቱ ከካሊፎርኒያና ከዋሽንግተን ግዛቶች ናቸው፤ እዚያ የሁሉም ፓርቲ ዕጩዎች በአንድ ቅድመ ምርጫ ነው የሚወዳደሩት።

ቅለት፦ መከተል ይቀላል።

አደጋ፦ ሁሉም ዝም ካለ መሪውን ማን ያስቆመዋል? እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው።

በታክስና በበጀት ክርክር ከፓርቲ ጋር መቆም ያስኬዳል፤ ብቻውን ሕግ ያጸደቀ የለም። የምርጫ ውጤት ይገልበጥ ሲባል ግን፣ ወንበር ቢያሳጣም፣ የኅሊና ድምፅ ይሻላል።